ቁጥሩ የማያየው ስርቆት

በጆርናሎቻችን አካባቢ «ስንት ፐርሰንት ወጣ?» የሚለው ጥያቄ «ምን አዲስ ነገር አገኘ?» የሚለውን እየተካው ነው። ጽሑፉ ገምጋሚ እጅ ከመግባቱ በፊት ተርኒቲንን በመሰለ ማመሳከሪያ ያልፋል፤ የመመሳሰሉ ቁጥር ዝቅ ካለ ጸሐፊው ንጹሕ፣ ከፍ ካለ ሌባ ነው። ዳኝነቱ ይህን ያህል መቅለሉ ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር።

መሣሪያው የሚይዘው ኤልያስ አልሳብቲን የመሰለውን ሌባ ነው። ይህ ኢራቃዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሳለ የሌሎችን የካንሰር ጥናቶች እየወሰደ፣ ርእስና የደራሲ ስም ለውጦ፣ ብዙ አንባቢ በሌላቸው ጆርናሎች ያሳትም ነበር። በ1980 ጉዳዩ በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ ግን ያጋለጡት ሰዎች እንጂ ማሽን አልነበረም። ክሮስሬፍ የተባለው ድርጅት በ2008 ለአሳታሚዎች የጋራ ማመሳከሪያ ሲዘረጋ እንዲህ ያለው ግልብጥ ቅጂ መደበቂያው ጠበበው፤ ስርቆቱም ልብሱን ቀየረ። በ2021 ፈረንሳዊው ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ ቃላትን እየተካ በሚጽፍ ሶፍትዌር የታጠቡ ጽሑፎችን አጋለጡ። በእነዚህ ውስጥ የጡት ካንሰር «የደረት አደጋ»፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ «ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና» ሆኗል። ገምጋሚ ተብዬው አንዴ ቢያነበው ኖሮ በሳቀ ነበር!

በአማርኛ ሲሆን ቀዳዳው ይሰፋል። የእንግሊዝኛ ጥናት ተርጉሞ የራሱ ያደረገ ሰው ቃል ለቃል በሚያመሳክር መሣሪያ ፊት ዜሮ ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ፊደል ብቻ ለሚቆጥር ማሽን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ቃላት ናቸው። የሕግ አንቀጽ ወይም የብራና ንባብ እየጠቀሰ የሚተነትነው ታማኝ ተመራማሪ ግን ቁጥሩ ይንርበታል።

የአብነት ትምህርት ቤቱ መድገምን ከስርቆት በመለየት ከእኛ የተሻለ ነበር። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የተቀበለውን ይዞ ያስተምራል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች ሲለያዩም የየትኛው መሆኑ ይነገራል። መድገሙ ነውር አይደለም። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ለየኔታ የሚነግረው አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ውርደቱ የራሱ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ደጀ ሰላም ጎን ለጎን ሲኖሩ አንዱን በሌላው መስፈርት የለካ አልነበረም።

ለጆርናልም ይኸው መለያ ይሠራል። የጥናት ዘዴው ገለጻ፣ የተለመዱ ብያኔዎች፣ የቀደሙ ሥራዎች ዳሰሳ የትርጓሜ ቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው ከተጠራ መመሳሰላቸው አያስከስስም። ግኝቱና መከራከሪያው ግን ቅኔ ነው፤ በዚያ ላይ የተሰረቀ አንድ ሐሳብ፣ በየትኛውም አዲስ ቃል ቢለብስ፣ ስርቆት ነው። ይህን የሚለይ አርታኢ ከፐርሰንቱ በፊት የመስክ ማስታወሻውንና ጥሬ መረጃውን ይጠይቃል፤ ጸሐፊውንም «ይህን ከማን ወሰድከው?» ብሎ ለማነጋገር አያፍርም።