የ«63» ነጥብ እና የቤንች ልጆች

ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት፣ የአገሮችን ሀብት ከሕዝባቸው የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት ጋር በሚያያይዝ መጽሐፍ፣ ለኢትዮጵያ የሰጡት ነጥብ 63 ነው። አማካዩ 100 በሆነበት በዚህ መለኪያ ከ70 በታች ያለ ውጤት የአእምሮ እድገት ውስንነት መጠርጠሪያ ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ገበያ ቡናውን መርጦ፣ ዋጋውን አስልቶ የሚሸጠው ገበሬ አብዛኛው በዚህ ጥርጣሬ ሥር በወደቀ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውጤት የቀረበለት ሐኪም ከበሽተኛው በፊት መሣሪያውን ይጠረጥራል።

የነጥቡ ምንጭም ከኢትዮጵያ ምድር አይደለም። ካኒኤልና ፊሸርማን እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት፣ ወደ እስራኤል በገቡ 250 ያህል ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ላይ የተደረገ የሬቨን ሥዕላዊ ፈተና ጥናት ነው። በአዲስ አገር፣ በአዲስ ቋንቋና ባልለመዱት የፈተና ዓይነት የተመዘኑ ስደተኞች ለአንድ ሰፊ አገር ሕዝብ ናሙና ሊሆኑ አይችሉም። ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ የአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ልጆች አጭር ትምህርት ሲሰጣቸው ከእኩዮቻቸው ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠብቧል።

ሆኖም ፈተናውን ጨርሶ «ከንቱ ነው» ብሎ መጣልም ሌላ ስሕተት ነው። አዮዲን ክፉኛ በሚጎድላቸው ማኅበረሰቦች የልጆች ውጤት በአማካይ በ13.5 ነጥብ ዝቅ እንደሚል የታወቀው በዚሁ ፈተና ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት 39.9 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው፤ በቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ ከግማሽ በላይ። ስለዚህ ጥያቄው ልዩነት አለ ወይስ የለም ሳይሆን ምክንያቱ ምንድን ነው የሚል ነው። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የወጣ የቡና ችግኝ አንዱ በጥላ ሥር፣ ሌላው በተራቆተ መሬት ቢተከል በምርቱ ልዩነት ዘሩን የሚወቅስ ገበሬ የለም። ጄምስ ፍሊን እ.ኤ.አ. በ1987 በ14 አገሮች ያሳየው የውጤት እድገትም በአንድ ትውልድ ውስጥ የመጣ ነው፤ ዘር ግን በዚያ ፍጥነት አይለወጥም።

ይህን ትችት ስጽፍ ራሴንም ነፃ አላወጣም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ቤንችኛ ብቻ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ጠይቄው ዝም ቢል በካርዱ ላይ «ዘገምተኛ» ብዬ ጽፌአለሁ። በኋላ እናቱን በአስተርጓሚ ስጠይቅ፣ ልጁ ማታ ማታ የጎረቤትን ከብት ጭምር ቆጥሮ የሚያስገባ መሆኑን ነገሩኝ። ቃሉን ሰረዝኩት፤ ነገር ግን ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ልጅን ከትምህርት ገበታ ሊያስቀር እንደሚችል ያን ቀን ተረዳሁ።

አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበሩበት 15 በመቶ ገደማ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደርሰዋል። ይህ የሕግና የጤና ሥራ ውጤት ነው። በመሆኑም ባልደረቦቼ፣ የልጅን አእምሮ ከመመዘናችን በፊት በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንጠይቀው፤ ጆሮውንና ዓይኑን እንመርምር፤ አንገቱን እንዳስስ፤ ቁመቱን እንለካ፤ ቤቱ ስለሚገባው ጨው እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ የሚጻፍ ቁጥር የልጁን ሳይሆን የእኛን ጉድለት ይመዘግባል።