ከአውሮፕላን የማይታይ ድንበር
(ስለ ሁለት ልብ ወለዶችና ስለ ከተሞቻቸው)

በዚህች መጽሔታችን የወጡትን አጫጭር ልብ ወለዶች መለስ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። አብዛኞቹ ስለ ተውናቸው ከተሞች ናቸው፤ ከተሞቹ ግን አይንቀሳቀሱም። ሻይ ቤቱ እንደ ነበረ ነው፤ የጎረቤት ልጅ እንደ ነበረች ናት፤ ቤቱም ተቆልፎ ባለቤቱን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ናፍቆትን ይቀሰቅሳል እንጂ ከተማን አያሳውቅም። ስለዚህ ከእኛ ርቀው የሚገኙ ከተሞችን በልብ ወለድ ያቆሙ ሁለት ደራስያን ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጡት መመርመር ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሚታቭ ጎሽ በ1956 በካልካታ የተወለደ ደራሲ ነው። «ዘ ሻዶው ላይንስ» (በግርድፉ «የጥላ መስመሮች») የተሰኘው ልብ ወለዱ በ1988 ታተመ። ሕንድ በ1947 ስትከፈል ቤንጋልም ለሁለት ተከፈለች። ካልካታ ከሕንድ ጋር ቀረች፤ ዳካ የምሥራቅ ፓኪስታን መዲና ሆነች፤ ከ1971 ወዲህ ደግሞ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ናት።

የተራኪው አያት ዳካ ተወልደው ያደጉ፣ በካልካታ የሴቶች ትምህርት ቤት ዲሬክትሬስ ሆነው ጡረታ የወጡ ቆፍጣና ሴት ናቸው። በ1964 መባቻ፣ የሸመገሉ አጎታቸውን ከዳካ ለማምጣት ሲነሡ ሁለት ነገር ያሳስባቸዋል። አንደኛ፣ ድንበሩ ከአውሮፕላን ላይ ይታይ እንደ ሆነ ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ ልጅየው ይስቃል። እሳቸው ግን ቢያንስ ምሽግ፣ ወታደር፣ ወይም ጠፍ መሬት መኖር አለበት ባይ ናቸው። ምንም የሚታይ ነገር ከሌለ ያ ሁሉ ሰው ስለ ምን አለቀ? ሁለተኛ፣ የመንገደኛ ቅጽ መሙላት እንዳለባቸው ሲያስቡ የትውልድ ቦታቸውና ዜግነታቸው አልገጥም ይላቸዋል። በዚህ ሰፈር ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ የለምና ይህ ክፍል ማብራሪያ አያሻውም።

ዳካ ሲደርሱ አዲሱን ሰፈር እያዩ «ዳካ የታለች?» እያሉ ይጠይቃሉ። የእሳቸው ዳካ የልጅነታቸው መንደርና አሮጌው ቤታቸው ናት። ያም ቤት ቢሆን አባታቸውና አጎታቸው ተጣልተው በግድግዳ ለሁለት የከፈሉት ነው። ልጅ ሳሉ ለታናሽ እኅታቸው፣ «በወዲያኛው በኩል ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው» እያሉ ተረት ይፈጥሩላት ነበር። ደራሲው የአገርን መከፈል ከማሳየቱ በፊት የቤትን መከፈል አሳይቶናል። በመሆኑም ድንበሩ ሲመጣ እንግዳ አይሆንብንም፤ ከቤት የወጣ ነገር ነውና።

ዲሴምበር 27 ቀን 1963 በካሽሚር፣ ስሪናጋር ከሚገኘው የሐዝራትባል መስጊድ የነቢዩ መሐመድ ፀጉር ነው ተብሎ የሚከበር ቅርስ ጠፋ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1964 ቢገኝም በምሥራቅ ፓኪስታን የተነሣው ሁከት አልበረደም፤ ድንበር ተሻግሮ ካልካታም ገባ። ተራኪው ያን ጊዜ የካልካታ ተማሪ ነው። ጧት በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ የከተማይቱ ውሃ ተመርዟል የሚል ወሬ ይሰማል፤ ጎዳናው ጭር ይላል። በዚያው ሰሞን ዳካ ላይ የአያቱ አጎት፣ በሪክሾ የጫናቸው ካሊል፣ እንዲሁም ሊያድናቸው ከመኪና የወረደው ዘመዳቸው ትሪዲብ በቁጡ ሰዎች መንጋ ይገደላሉ። ተራኪው ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን የሚረዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ነው። ከዚያም አሮጌ አትላስ ዘርግቶ በኮምፓስ ክብ ይሥላል፤ እነዚያ ሁለት ከተሞች ከተለያዩ ወዲህ ይበልጥ እንደ ተሳሰሩ ይገነዘባል።

ልብ ወለድ ለከተማ የሚያደርገው አስተዋጽዖ እዚህ ላይ ይታያል። የቅርሱን መጥፋትና መገኘት ከታሪክ መጽሐፍ እናገኛለን። አንድ የከተማ ልጅ የገዛ ቤቱን የቧንቧ ውሃ ሲፈራ ከተማው ምን እንደሚሆን የሚነግረን ግን ጎሽ ነው።

ይሁንና መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። አያቲቱ የተወለዱበት ቤት ባዶ አልነበረም፤ ከሕንድ የሸሹ ሙስሊም ስደተኞች ሰፍረውበታል። ሽማግሌውን የሚንከባከበውም እዚያው የሚኖረው ካሊል ነው። እነዚህ ሰዎች ከየትኛው መንደር መጡ? የእነርሱንስ ቤት ማን ያዘው? ደራሲው በሩን ከፍቶ አሳየንና መልሶ ዘጋው። ካሊልም አብሮ ሲሞት ሐዘኑ ሁሉ ወደ ትሪዲብ ያዘነብላል። እኛ ስደተኞች ይህን ሳናስተውል ማለፍ የለብንም።

ይህን ክፍተት በሌላ ከተማ የሚሞላልን ሮሂንተን ሚስትሪ ነው። በ1952 ቦምቤይ ተወልዶ በ1975 ወደ ካናዳ ሄደ። «ኤ ፋይን ባላንስ» («ስስ ሚዛን» እንበለው) የተባለውን ልብ ወለዱን በ1995 አሳተመ። ከተማይቱን በስሟ ባይጠራትም ቦምቤይ መሆኗ አያጠያይቅም፤ ጊዜው ከ1975 እስከ 1977 በሕንድ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ነው። ኢሽቫርና ኦም የተባሉ ልብስ ሰፊዎች ከገጠር መጥተው በደሳሳ ጎጆ መንደር ይኖራሉ። መንግሥት መንደሩን ሲያፈርስባቸው በባቡር ጣቢያ ያድራሉ፤ ኋላም ለሌሊት ዘበኛ እየከፈሉ በአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ይተኛሉ። የሚሰፉበት የዲና ቤትም የኪራይ ነው፤ በቤቱ ውስጥ መነገድ ስለማይፈቀድላት ከኪራይ ሰብሳቢው ይሸሸጋሉ። የደጃፍ መተኛ ዋጋ እንዳለው የነገረን ደራሲ ስለዚያች ከተማ ብዙ ነገረን።

በበኩሌ የምነቅፈው መከራውን ያለ ልክ መደራረቡን ነው። መጨረሻው ላይ አንዱ መዓት ሌላውን ሲከተል አንባቢ ማዘኑን ትቶ «ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?» ብሎ መጠበቅ ይጀምራል። ያም ሆኖ የሚስትሪ ድኾች ይቀልዳሉ፤ ይጣላሉ፤ አብረው ያበስላሉ፤ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ የምጽዋት ሥዕል አይሆኑም።

«ስለ ሕንድ ከተሞች ማወቅ ምን ይረባናል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ሁለቱም ደራስያን ስለ ትናንት ሲጽፉ ትናንትን አላቆነጇትም። አያቲቱ በልባቸው የያዟትን ዳካ ይዘው ሄዱ፤ እውነተኛይቱን ዳካ ግን አላወቋትም፤ ሊያድኗቸው የሄዱላቸው አጎትም ሞቱ። የቆመ ትዝታ እንዲህ ያለ አደጋ አለው። ነገ ወደየከተማችን የምንመለስ ከሆነ፣ ወይም ልጆቻችን የሚመለሱ ከሆነ፣ በምን ዓይነት ካርታ ይሂዱ?

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ለምትጽፉ ሁሉ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተዋችሁትን ቤት ጻፉ፤ በሩን ግን አትቆልፉት። ዛሬ በዚያ ቤት ማን ይኖር ይሆን? ከየትስ ሸሽቶ መጣ? ማታ ሲተኛ የሚፈራው ምንድን ነው? ለዚያ ሰው ስም ስጡትና በታሪካችሁ ውስጥ ይናገር።