ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የሴባስቶፖል መንገድ

ነፋስ መውጫ ላይ ሎደር በሎቤድ ሲጫን ያየ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ማሽኑ ላይ ነው። እኔ ግን የረዳቱን እጅ ነበር የማየው። ጎንበስ ብሎ፣ ታኮውን ይዞ የኋላ ጎማውን በስንዝር ርቀት ይከተላል። ጎማው አንድ ክንድ ሲወጣ ታኮውም አንድ ክንድ ይጠጋል። ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ እንኳ አንዴ የተወጣው ዳገት ተመልሶ አይወረድም።

በዚሁ አገር፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ይኸው ሥራ ያለ ሞተር ተሠርቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋፋት ላይ የሠሩላቸውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋሪ እያስጎተቱ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አመሩ። የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጥበብ ያለው መንገዱ ላይ ነው።

መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። አሥር ሜትር ተሂዶ አንድ ሜትር በሚወጣበት ዳገት ላይ፣ ክብደቱ ብቻ ወደ ኋላ የሚስበው በ700 ኪሎ ያህል ጉልበት ነው። ሁለት ሜትር ተሂዶ አንድ ሜትር በሚወጣበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ ከ3 ቶን ያልፋል። ጎታቹ 500 ሰው ከሆነ በመጀመሪያው ዳገት ለአንድ ሰው ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ በሁለተኛው ከ6 ኪሎ ይበልጣል። በዚህ ላይ ጭቃው፣ ድንጋዩና የጋሪው እንጨት ፍትጊያ አለ። ጋሪው የሚወጣው ከፍታ በሁለቱም አንድ ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ጠቅላላው ሥራ ለብዙ እርምጃ ይከፋፈላል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ አለቱን በባሩድ እያፈረሱ፣ በድንጋይ እየደለደሉ፣ ዳገቱን ማለዘብ ግድ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ መታጠፊያው ነው። መቶ ሰው አንድ ገመድ ይዞ ቢሰለፍ ሰልፉ መቶ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል። ፊተኞቹ ጥምዙን ዞረው ሲጎትቱ ጋሪው ገና ከታች ነው፤ ገመዱ ወደ ውስጥ ይሰበስበውና ከመንገዱ ሊያወጣው ይታገላል። እንዲህ ያለ መንገድ የሚቀይስ ሰው የጋሪውን ስፋት ብቻ ሳይሆን የሰልፉንም ርዝመት ልብ ማለት አለበት።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይከፋል። ወደ ጅዳ ወንዝ ሸለቆ ሲወርዱ ያው የምድር ስበት ዞሮ ወደ ፊት ይገፋል። ሰውና ገመድ ከኋላ ይሆናል፤ አሁን ሥራው መጎተት ሳይሆን መያዝ ነው። ዳገት ላይ ገመድ የለቀቀ ሰው ጉዞውን ያዘገያል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ከጋሪው ፊት ያለውን ሰው ያስጨርሳል።

ያ ሁሉ ጉልበት በፈቃዱ የመጣ አልነበረም። አገሩ ሸፍቶ፣ ሠራዊቱ በየቀኑ እየከዳ፣ ስንቅ እያጠረ የተሠራ መንገድ ነው። ይህን ሳያነሡ ጥበቡን ብቻ ማድነቅ ለጎታቾቹ ነውር ነው።

መንገዱ ለሠሪው ጠላትም አገልግሏል። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቤተ ሆር ደጋ ወደ ጅዳ የወረደው ቴዎድሮስ በጠረጉት መንገድ ነው። ከዘመቻው ጋር የመጣው እንግሊዛዊው ማርክሃምም ሥራውን አድንቆ ጽፏል።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመድፉ አምሳያ ቆሟል። ለመንገዱ ግን እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጠው አላየሁም። የመንገድ መሐንዲሶች ሆይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ ስታልፉ ጨጨሆ ላይ ከመኪና ውረዱ። የቀረውን ፈለግ ፈልጉና ተዳፋቱን በመሣሪያችሁ ለኩልን።