ዋልካና ገል

ሸክላ ሠሪ አገር ሲቀይር ሙያው አብሮት ይሄዳል፣ የሚያውቀው አፈር ግን እዚያው ይቀራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከጎንደር ዙሪያ የተነሡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን እኔ በምሠራበት በዚህ በሽንፋ ቆላ በእግር አቋርጠው ሱዳን ሲገቡ፣ ከመካከላቸው የሸክላ ባለሙያ ሴቶች ነበሩ። የእኔም ሙያ ከዚያው ከጎንደር አፋፍ፣ ከወለቃ የመጣ ነው፤ እናቴ ከእናቷ፣ እኔም ከእናቴ።

ሽንፋ ላይ ያለው አፈር ዋልካ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። እንስራም ብትሠሩበት ያው ነው። መድኃኒቱ ገል ነው፦ የተሰበረ ጀበናና ምጣድ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። ገል አንዴ እሳት ስለቀመሰ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ ጭቃውን ደግፎ ይይዛል፣ ውስጥ ለቀረው እርጥበትም መውጫ ይሰጠዋል። ልኩን በጣሳ አልነግራችሁም። ጭቃውን እንደ አመልማሎ አሹሬ በጣቴ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ጀርባው ከተሰነጣጠቀ ገሉ በዝቷል፣ እጅ ላይ ከተለጠፈ ገና ይፈልጋል።

ከዚያ የቆላው ሙቀት አለ። ፀሐይ ያገኘው ጀበና አንገቱ ከሆዱ ቀድሞ ይደርቅና መጋጠሚያው ላይ ይለቃል። ጥላ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞለት መድረቅ አለበት። ሜዳ ላይ በኩበት ይተኮሳል፤ እንደጋለ ወጥቶ ገለባ ውስጥ ሲገባ ጭሱ ያጠቁረዋል።

እንደጋለ ማውጣት የእኛ ብቻ አይደለም፦ ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ራኩ የሚባል ቤተሰብ ከ400 ዓመት በላይ የሻይ ጽዋ ሲሠራ ኖሯል። እነሱም በእጃቸው ነው የሚያበጁት፤ ጥቁሩን ጽዋ እንደጋለ ከእሳት ያወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2019 16ኛው ወራሽ የቤቱን ስም ተረከበ። እዚያ ሙያው ስም ያወርሳል፣ እኛ ዘንድ ስድብ አውርሷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ዛሬም ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ ስትሆን የሚሸሽ አለ። ይህ ያንገበግበኛል፤ ቡናውን የሚያፈላው በእናቷ ጀበና ነውና።

ጀበና ስትገዙ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፤ ድምፁ ከታፈነ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ወይም በደንብ አልበሰለም። ከዚያ የሠራችውን ሴት ስም ጠይቁ፣ ጎረቤት ሲጠይቃችሁም በስሟ ንገሩላት።