ምስል ትንቢት ሊሆን ይችላልን? ስለ ጉበት ነቀርሳና ስለ ጨረር ሕክምና የቀረበ አጭር ሂስ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴም ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጕዞ አዲስ አበባ የሚደርስ የቦረና ገበሬ ለጉዞው በሬውን እስከ መሸጥ ይደርሳል። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ «ጨረሩ ይጠቅምሃል» ወይም «አይጠቅምህም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ቢቻል ታላቅ በጎነት በሆነ ነበር። የጉበት ነቀርሳ ለጨረር የሚሰጠውን ምላሽ ከሲቲ ስካንና ከኤም አር አይ ምስል መተንበይ ይቻላል የሚሉ የምርምር ጽሑፎች በዝተዋል። ይህን አሳብ ልንመረምረው እንወዳለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ለአሳቡ የሚገባውን ዋጋ እንስጥ። ጤነኛ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በሚመጣው በፖርታል ደም መልስ በኩል ይደርሰዋል፤ ከጉበት ከራሱ የሚነሣው ነቀርሳ ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳ ነው። ስለዚህ ኮንትራስት የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ነቀርሳው ቀድሞ ይደምቃል፤ ቀድሞም ይደበዝዛል። ምስሉ እንግዲህ ቅርጽን ብቻ ሳይሆን የደሙንም አካሄድ ያሳያል። ከ2012 ወዲህ «ራዲዮሚክስ» በሚል ስም የታወቀው ዘዴ ደግሞ ከአንድ ምስል በመቶ የሚቈጠሩ ልኬቶችን ያወጣል።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ያሳስቡናል።

አንደኛ፣ የሚተነበየው «ምላሽ» ራሱ አልጸናም። በ2000 የወጣው ሬሲስት የተባለው መመዘኛ የዕባጩ ርዝመት ቢያንስ በ30 በመቶ ሲያንስ ምላሽ ተገኘ ይላል። በጨረር የሞተ ዕባጭ ግን መጠኑን ሳይቀንስ ሊቈይ ይችላል። በ2010 ለጉበት የተሻሻለው መመዘኛ የሚደምቀውን ክፍል ብቻ ይለካል፤ ሆኖም ከጨረር በኋላ ድምቀቱ ለወራት ሊቈይ ስለሚችል በሦስተኛው ወር «አልተሳካም» የተባለው በዓመቱ የተሳካ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዒላማው ከተንቀሳቀሰ የተኳሹ ብልሃት ምን ይረባል?

ሁለተኛ፣ ሕመምተኞቹ ጥቂት፣ ልኬቶቹ ብዙ ሲሆኑ በአጋጣሚ የሚገጥም ነገር አይጠፋም። የለጋምቦ ገበሬ የአንድ ዓመት የበልግ ገብሱን አይቶ ያወጣውን ግምት በዚያው ማሳ ላይ ቢፈትነው ልክ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፈተናው በጎረቤቱ ማሳና በሚቀጥለው በልግ ነው። የምስሉ ልኬትም እንደ መሣሪያው ዐይነት፣ እንደ ቍራጩ ውፍረት፣ ኮንትራስቱ እንደ ተሰጠበት ሰዓት ይለዋወጣል። በሌላ አገር የተሠራ ቀመር በአገራችን ምስሎች ሳይፈተን ሊታመን አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ስለ በሽታው ክብደት መናገርና ስለ ሕክምናው ጥቅም መናገር አንድ አለመሆናቸው ነው። ዕባጩ የሰፋ፣ ጉበቱም የደከመ ሰው በማናቸውም ሕክምና ብዙ ጊዜ ይከፋበታል። ጨረር ያገኙትን ብቻ የመረመረ ጥናት «ይህ ሰው ሊከፋበት ይችላል» ማለት ይችላል፤ «ጨረሩ አይጠቅመውም» ለማለት ግን ጨረር ካላገኙት ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች ቢጨመሩም መሣሪያው ከሕመምተኛው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ወረፋ በበዛበት ስፍራ ያልተፈተነ ቀመር በር ጠባቂ እንዳይሆን እንሰጋለን። በሬውን ሸጦ የመጣውን ሰው በስሕተት መመለስ በስሕተት ከማከም የቀለለ በደል አይደለም።

ምርምሩ ይቁም አንልም። አስቀድሞ ግን በደሴም በአዲስ አበባም የሚነሡት ምስሎች በአንድ ሥርዐት ይነሡ፤ ከሕመምተኛው የኋላ ታሪክ ጋር ይጠበቁ። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውና ለነቀርሳ የሚያሰጉ ሰዎች በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ቢታዩ፣ በ2007 ለሕፃናት የተጀመረው ክትባትም ሳይጓደል ቢዳረስ፣ ለመካነ ሰላም ሰው ከሩቅ ትንቢት ይልቅ የቀረበ ጥቅም ይሆናል ብለን እናምናለን።