ከቆጥ እስከ አውድማ፦ የሐበሻ ዶሮን ጠባይና ዕድገት ስለ መመልከት

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት የቦረና ደጋማ ቀበሌዎች የሐበሻ ዶሮ ቀኑን በጓሮ፣ በአውድማና በማሳ ዳር እየጫረ ውሎ ማታ ቆጥ፣ ማለትም በቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በተጋደመ እንጨት ላይ፣ የሚያድር በመሆኑ፣ ጠባዩን ማጥናት የሚሻ ሰው መንጋውን ከመከተል ይልቅ በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ እስኪለምደው መታገሥ ይኖርበታል። በትግራይ መዝበር ከተባለው ጥንታዊ ሥፍራ የተገኙት አጥንቶች ዶሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ በአገሪቱ እንደነበረ ቢያመለክቱም፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያው የጫካ ቅድመ አያቱ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀውም።

ይህም ከሁሉ ይልቅ በአውራው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይታወቃል። ጭልፊት ሲያንዣብብ አውራው ራሱን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ ሰማዩን እያየ አንድ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ጫጩቶቹም ከቁጥቋጦ ሥር ይሸጎጣሉ፣ ያልደረሱት በታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ተለጥፈው ጭጭ ይላሉ። ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ በምድር ሲመጣ ግን ድምፁ የተቆራረጠና የተደጋገመ ይሆናል፣ መንጋውም አንገቱን አቅንቶ ይቆማል።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ሼልደሩፕ-ኤበ በ1921 እ.ኤ.አ. ያብራራው የመነቋቆር ተዋረድ፣ ማለትም ማን ማንን እንደሚነቁር የሚለይ የማዕረግ ቅደም ተከተል፣ ምሽት ላይ በቆጥ ቦታ ሽሚያ ጎልቶ ይታያል። ጧት ከቆጥ ለመውረድ የዘገየች፣ ላባዋን አንጨፍርራ የቆመች ዶሮ ደግሞ ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ይዟት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ከመንጋው መለየት አለባት።

እንቁላሉ በ21 ቀን ከተፈለፈለ በኋላ በየጫጩቱ እግር ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር ላላ አድርጎ ማሰርና እያደጉ ሲሄዱ ክሩን መለወጥ ዕድገታቸውን ለመለየት ይረዳል። እናቲቱ ዳግም እንቁላል ለመጣል ስትቃረብ ልጆቿን እየነቆረች ታባርራለች፤ ቄቦቹና ወጣቶቹ አውራዎች የየራሳቸውን ማዕረግ በጠብ የሚፈልጉት ያኔ ነውና፣ የተመልካቹ ማስታወሻ በእነዚህ ሳምንታት መብዛት አለበት።

ገበያው ግን የሚመዝነው ንቃትን ሳይሆን ቁመናንና የላባ ቀለምን፣ ቀዩን፣ ወሰራውን፣ ገብስማውን ነው፤ በዚህም ምክንያት መንጋውን ከጭልፊት ሲያድን የከረመው አውራ ለፋሲካ ተሸጦ፣ ዘር የሚያወርሰው ገዢ ያጣው ይሆናል። ስለዚህ አርቢው የሚያስቀረውን አውራ ከበዓሉ ገበያ አስቀድሞ፣ በማስታወሻው መሠረት ሊመርጥ ይገባል።