ሬምብራንት እና የቤቱ ሴቶች

እህቶቼ፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ሥዕል ፈልጋችሁ እዩልኝ፤ የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1654 የሣላት፣ ውሃ ውስጥ የቆመች ሴት። ነጭ የውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛለች፤ ዓይኗ ውሃው ላይ ነው፣ እኛን አታየንም። ቀሚሷን በወፍራም ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ነው የሄደበት፤ አንድ እጇንማ የጨረሰው አይመስልም። እኔ የወደድኩት ይሄንኑ ነው። ማዳም ሳትጠራን በፊት የምናገኛትን ያቺን አፍታ ትመስለኛለች።

ሰዓሊ ሐሳቡን ከሩቅ የሚያመጣ ይመስለኝ ነበር። ሬምብራንት ግን ብዙውን ያገኘው ከቤቱ ነው። ይቺ ሴት ሄንድሪክዬ ሳትሆን አትቀርም ይባላል፤ ሚስቱ በ1642 ከሞተች በኋላ በሠራተኝነት የገባች ናት። ሥዕሉ በተሣለበት ዓመት ከእሱ ወለደች። ሳይጋቡ አብረው በመኖራቸው ከቁርባን የታገደችው ግን እሷ ናት።

ታዲያ ሠራተኛውን እንደ ሰው ያየ ሰዓሊ ነው እንበል? እኔም እንደዛ ብዬ ልጽፍ ነበር። ከሄንድሪክዬ በፊት ግን የልጁ ሞግዚት ጌርቼ ነበረች። ‹አገባሻለሁ ብሎኛል› ብላ ከሰሰችው፤ በዓመት 200 ጊልደር እንዲከፍላት ተፈረደበት። በ1650 ደግሞ፣ የእሱም የገዛ ወንድሟም እጅ ኖሮበት፣ ጉዳ ከተማ ማረሚያ ቤት አስገቧት። የወጣችው በ1655 ነው። ሄንድሪክዬ እዚያ ውሃ ውስጥ ስትሣል ጌርቼ ታስራ ነበር ማለት ነው።

ሥዕሉ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ አልጠላሁትም። ስለ ሰዓሊው ደግነት ግን አላወራበትም።